ባለብዙ ቋንቋ የፕሮግራም መጻፊያ ከባቢ

ባለብዙ ቋንቋ የፕሮግራም መጻፊያ ከባቢ ማለት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ በሆኑ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በጃቫ፣ በፓይተንና በፒኤችፒ፣ ለመጻፍና ለማስኬድ የሚያስችሉ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ ሳይጋጩ የሚሠሩበት ዝግጅት ነው። የሥርዓቱን ንድፍ በሥዕል የሚያስቀምጡት የሞዴል መሣሪያዎችም የዚሁ ዝግጅት አካል ናቸው። ከባቢው አንድ ፕሮግራም አይደለም። ለየብቻቸው የተሠሩና ለየብቻቸው የሚታደሱ የብዙ ፕሮግራሞች ስብስብ ስለሆነ፣ አብዛኛው ችግር የሚነሣው በአንዱ ሶፍትዌር ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በሆሳዕናና በሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ካለው ሁኔታ ጋር አያይዞ ያቀርባል። በእነዚህ ከተሞች አንድ ፕሮግራም በፊደል የሚጻፈውን አማርኛ፣ በላቲን ሆሄያት የሚጻፉትን ሐዲይሳና ከምባቲሳ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛን አንድ ላይ ማስተናገድ ሊኖርበት ይችላል።

የአካባቢው ሁኔታ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ስሙን ከከተማዋ የቀድሞ መጠሪያ የወሰደው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በከምባታ ዞን ዋና ከተማ በዱራሜም ካምፓስ አለው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ በአብዛኛው በሲ ፕላስ ፕላስ ይጀምርና ወደ ጃቫ፣ ወደ ዳታቤዝና ወደ ድረ ገጽ ሥራ ያልፋል። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከነዩኤምኤል ሥዕሎቹ ያቀርባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም እነዚህን ትምህርቶች አንድ ላይ ይጠይቃል። በመሆኑም ለአንድ ኮርስ ተብሎ የተጫነው ኮምፓይለር ለሚቀጥለው ሲባል አይነቀልም፤ ከላዩ ሌላ ይጨመራል እንጂ። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ጃቫ፣ ሁለት ዓይነት ማይኤስኪውኤልና ማን እንደጫነው የማይታወቅ አንድ አሮጌ ሲ ፕላስ ፕላስ ይዞ ቢገኝ አያስደንቅም።

ከባቢው ምን ምን ይዟል

ለየትኛውም ቋንቋ የሚያስፈልገው ነገር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ኮዱ የሚጻፍበት ኤዲተር፣ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ ወደሚፈጽመው መልክ የሚለውጥ ኮምፓይለር ወይም እያነበበ የሚያስኬድ ኢንተርፕሬተር፣ ተጨማሪ ላይብረሪ የሚያመጣ ፓኬጅ ማኔጀር፣ ስህተት የሚፈለግበት ዲበገር ያስፈልጋል። የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት ደግሞ ለሁሉም ቋንቋ በጋራ ያገለግላል።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው ኤዲተሩንና ኮምፓይለሩን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ቪኤስ ኮድ ኤዲተር ብቻ ነው። እሱን የጫነ ሰው ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ጃቫን ወይም ፓይተንን ገና አልጫነም። በአንጻሩ ኤክሊፕስ፣ ኔትቢንስና ኮድ ብሎክስ ኤዲተሩን፣ ዲበገሩንና የፕሮጀክት አያያዙን አንድ ላይ የያዙ «አይዲኢ» የሚባሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ኮምፓይለሩንም ጨምረው ይመጣሉ። በብዙ ግቢዎች ለመጀመሪያው ኮርስ የሚሰጠው ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስም እንዲሁ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የኖረው የዚህ ሶፍትዌር 5.11 ቅጂ የሚይዘው የጂሲሲ ኮምፓይለር 4.9.2 ነው። ይህ ኮምፓይለር ካልታዘዘ በስተቀር የሚከተለው የ1998ቱን የቋንቋ ደረጃ ስለሆነ ከአዲስ መጽሐፍ የተቀዳ ትክክለኛ ኮድ ስህተት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ጂሲሲ ያለተጨማሪ ትእዛዝ የ2014ቱን ደረጃ መከተል የጀመረው ከ6ኛው ቅጂ ወዲህ ነው። ተማሪው ኮዱን ደጋግሞ ከመመርመሩ በፊት የኮምፓይለሩን ቁጥር ቢያይ ብዙ ሰዓት ይተርፈዋል።

አጫጫን

በዊንዶውስ ላይ የጭነት ሥራ እምብርቱ «ፓዝ» ነው። ፓዝ ማለት አንድ ትእዛዝ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ሲሆን፣ ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይሄድና መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ጃቫ ባለበት ኮምፒውተር የሚሠራው አዲሱ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ የቀደመው ነው። ፓይተን ሲጫን በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ ላይ ያለችው፣ ፓይተንን ወደ ፓዝ ለመጨመር የምታገለግለው ትንሽ ሣጥን ምልክት ሳይደረግባት ከታለፈች፣ በኋላ ትእዛዙ ሲጻፍ በፓይተን ፋንታ የማይክሮሶፍት መደብር ሊከፈት ይችላል።

ጃቫ ከፓዝ ሌላ «ጃቫ ሆም» የሚባል ተለዋዋጭ ይፈልጋል። ሜቨንን የመሰሉ መሣሪያዎች ጃቫን የሚያገኙት በእሱ በኩል ነው። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው የጃቫ ቅጂዎች (ለምሳሌ 8፣ 11፣ 17፣ 21) አንዱን መርጦ በዚያ መቆየት ይሻላል። የቅርብ ዓመታት ኤክሊፕስ ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ ለአሮጌ ፕሮጀክት ጃቫ 8 የሚያስፈልገው ሰው ሁለቱንም ጭኖ የትኛው ለየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ በአይዲኢው ውስጥ ይወስናል።

በፓይተን ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ምናባዊ ከባቢ መፍጠር የተለመደ አሠራር ነው። የአንዱ ፕሮጀክት ላይብረሪ ሲታደስ ሌላውን አይነካም፤ ነገሩ ከተበላሸም ፎልደሩን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ነው። ለፒኤችፒ በብዛት የሚመረጠው አፓቼን፣ ዳታቤዝንና ፒኤችፒን አንድ ላይ የያዘው ዛምፕ ነው። ቀደም ሲል ማይኤስኪውኤል ለብቻው ተጭኖ ከሆነ ግን የዛምፑ ዳታቤዝ አይነሣም፤ ሁለቱም በር ቁጥር 3306ን ይሻሉና። አፓቼ አልነሣም ሲል ደግሞ በር ቁጥር 80ን የያዘ ሌላ ፕሮግራም መኖሩ ይታያል።

ትንሽ የምትመስል ግን ቀን የምታባክን ነገር አለች፦ የፎልደር ስም። በዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ከተሰጠ የተጠቃሚው ፎልደርም በአማርኛ ይሰየማል። ጂሲሲና ሌሎች አሮጌ መሣሪያዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን አድራሻ በትክክል ላያነቡት ይችላሉ። ኮዱ ውስጥ አማርኛ ይግባ፤ ፕሮጀክቱ የሚቀመጥበት ፎልደር ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ቢሰየም ይመረጣል።

የማሽኑ አቅምም ይወስናል። አንድሮይድ ስቱዲዮ በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። 4 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ቪኤስ ኮድን፣ ፓይተንን፣ ጂሲሲንና ዛምፕን ያስኬዳል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍቶ መሥራት ግን ያስቸግራል። አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ኮምፒውተር የሚቀበለው የመጨረሻ ፓይተን 3.8 ነው፤ ከቪኤስ ኮድ ደግሞ 1.70 ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን ቅጂዎች አውርዶ መሞከር ዳታ ማባከን ይሆናል።

ያለ ኢንተርኔት መጫን

የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚገዛበት ቦታ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ፋይል ለየብቻው ማውረዱ ውድ ነው። ፍላሽ ዋነኛ ማጓጓዣ የሆነውም ለዚህ ነው። ለዚህ አሠራር የሚያገለግሉት ሙሉውን ፋይል የያዙት ጫኚዎች ናቸው። መጠናቸው ትንሽ የሆኑት «የድር ጫኚዎች» ሲከፈቱ የቀረውን ከኢንተርኔት ስለሚጎትቱ ለሾኔ ወይም ለሺንሺቾ ተማሪ በፍላሽ ቢላኩለት አይጠቅሙትም።

ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ላይብረሪዎቹንም በፍላሽ ማዘዋወር ይቻላል። የፓይተኑ ፓኬጅ ማኔጀር ፒፕ ላይብረሪዎችን ሳይጭን በአንድ ፎልደር የማውረድ ትእዛዝ አለው። ፎልደሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ ፒፕ ወደ ኢንተርኔት ሳይወጣ ከዚያው እንዲጭን ይታዘዛል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የፓይተን ቅጂና አንድ ዓይነት ዊንዶውስ (32 ወይም 64 ቢት) ቢኖራቸው ይመረጣል፤ አለበለዚያ የወረደው ላይብረሪ «አይስማማም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የቪኤስ ኮድ ማራዘሚያዎች በነጠላ ፋይል ይወርዳሉ። ሜቨን አንድ ጊዜ ያወረደውን በተጠቃሚው ፎልደር ስለሚያስቀምጥ ያንኑ ገልብጦ ከመስመር ውጭ ማሠራት ይቻላል። ጊትም «ባንድል» በሚባል ትእዛዝ የአንድን ፕሮጀክት ኮድ ከነሙሉ ታሪኩ በአንድ ፋይል ያጠቃልላል። አንዱ በሆሳዕና፣ ሌላው ለእረፍት ዱራሜ ሆነው የሚሠሩ የቡድን ጓደኞች ይህን ፋይል በመለዋወጥ የሁለቱን ሥራ ማዋሐድ ይችላሉ። የመጨረሻው፣ ትክክለኛው የመጨረሻው እየተባለ የሚሰየም የዚፕ ፋይል ከመለዋወጥ ይህ በጣም ይሻላል።

የፍላሽ ጣጣው ቫይረስና የጎደለ ፋይል ነው። ታዋቂ ሶፍትዌሮች በሚወርዱበት ገጽ ላይ የፋይሉን የሐሽ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ዊንዶውስም ይህን ቁጥር የሚያሰላ «ሰርትዩቲል» የተባለ ትእዛዝ በውስጡ አለው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ፋይሉ ተጎድቷል ወይም ተነካክቷል። «ክራክ» የተደረገ ሶፍትዌር ግን ሲሠራም የተነካካ ስለሆነ ይህ ማረጋገጫ ለእሱ አይሠራም።

የሞዴል መሣሪያዎች

ሞዴል ማለት ኮዱ ከመጻፉ በፊት ወይም ጎን ለጎን የሥርዓቱን አሠራር የሚያሳይ ንድፍ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የንድፍ ቋንቋ ዩኤምኤል ሲሆን፣ ግሬዲ ቡች፣ ጄምስ ራምቦና ኢቫር ያኮብሰን ካዋሐዷቸው የየግል ስልቶቻቸው ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ ተቀባይነት አገኘ። በተማሪ ፕሮጀክት ውስጥ በብዛት የሚታዩት የዩዝ ኬዝ፣ የክላስና የሲኩዌንስ ሥዕሎች ናቸው። የዳታቤዙ የኢአር ሥዕል ከዩኤምኤል ውጭ ያለ ሌላ ዘዴ ነው።

መሣሪያዎቹ ሲታዩ ዋናው ልዩነት ሥዕል በሚሥሉትና ሞዴል በሚይዙት መካከል ነው። ድሮው ዶት አዮና ቪዚዮ ሥዕል ይሥላሉ። በእነሱ የአንድ ክላስ ስም ሲቀየር ስሙ ያለበትን ሥዕል ሁሉ ሰው ራሱ እየዞረ ማረም አለበት። ስታር ዩኤምኤል፣ ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክትና በኤክሊፕስ ላይ የሚሠራው ፓፒረስ ግን ክላሱን እንደ አንድ ነገር ስለሚይዙት ለውጡ በሁሉም ሥዕል ላይ ይታያል፤ ከሞዴሉ የኮድ አጽም ማውጣትም ይችላሉ። በተግባር የሞዴሉና የኮዱ ስም ተለያይቶ መገኘት የብዙ መመረቂያ ጽሑፎች ድክመት ስለሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ፕላንት ዩኤምኤል ነው። ሥዕሉ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ፕሮግራሙ ይሥለዋል። በጃቫ የተሠራ አንድ ነጠላ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ለማዘዋወርም፣ አቅም በሌለው ላፕቶፕ ለማስኬድም ይመቻል። የሥዕሉ ምንጭ ጽሑፍ በመሆኑም ከኮዱ ጋር በጊት ይያዛል። የሲኩዌንስ ሥዕል ለመሥራት ጃቫ ብቻ ይበቃዋል። የክላስና የዩዝ ኬዝ ሥዕሎች ግን በተለምዶ ግራፍቪዝ የተባለ ሌላ ፕሮግራምም ይሻሉ። «አንዱ ሥዕል ይሠራል፣ ሌላው እምቢ አለ» የሚለው የተለመደ ግራ መጋባት መነሻው ይኸው ነው።

በምህንድስና ክፍሎች ሞዴል ሲባል የሒሳብ ሞዴል ማለት ሲሆን መሣሪያውም ማትላብና ሲሙሊንክ ነው። ነፃ የሆነው ኦክቴቭ አብዛኛውን የማትላብ ኮድ ያስኬዳል፤ ሲሙሊንክን ግን አይተካም።

የፊደል ሙከራ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች አማርኛን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ደርበው ያስቀምጡ ስለነበር፣ ጽሑፉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ የቆየ የቢሮ ሰነድ ወደ ዳታቤዝ ከመግባቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

አንድ ከባቢ በትክክል መዘጋጀቱ በተለምዶ የሚፈተነው «ሄሎ ወርልድ» በሚል እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ያለፈ ከባቢ ግን በአማርኛ ሊወድቅ ይችላል። «ሆሳዕና» የሚለውን ቃል አትሞ ርዝመቱን የሚናገር ፕሮግራም በየቋንቋው መጻፍ ብዙ ነገር ይገልጣል። ቃሉ አራት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በፋይል ውስጥ 12 ባይት ይይዛል። ፓይተን 3፣ ጃቫና ጃቫ ስክሪፕት ርዝመቱን 4 ይላሉ። ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስና የፒኤችፒ ተራው ርዝመት ቆጣሪ 12 ይላሉ፤ የሚቆጥሩት ባይት ነውና። ለስም 20 ባይት የተመደበበት የሲ ፕሮግራም ለላቲን ስም 19 ፊደል ሲይዝ ለአማርኛ የሚይዘው 6 ብቻ ነው። ቃሉን በ10ኛው ባይት ላይ የቆረጠ ፕሮግራም «ና»ን ከመካከሏ ይከፍላታል፤ በቦታዋም የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ቅርጽ ይወጣል። በፒኤችፒ መፍትሔው «ኤምቢ» በሚል ቅጥያ የሚጀምሩትን ትእዛዞች መጠቀም ነው። እነሱን የያዘው ማራዘሚያ በኡቡንቱ ላይ ለብቻው ይጫናል።

ቃሉ ተበላሽቶ ከወጣ የተበላሸበትን ደረጃ ከመልኩ መለየት ይቻላል። ባዶ ሣጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። አሮጌው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ዊንዶውስ ተርሚናል ወይም የቪኤስ ኮድ ተርሚናል ሲከፈት ፊደሉ ይታያል። የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች ድብልቅ ከታየ ጽሑፉ በዩቲኤፍ 8 ተጽፎ በሌላ አጻጻፍ ተነቧል። በዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት፣ ከጃቫ 18 በፊት የነበሩት ጃቫዎችም ኮድ ሲያነቡ የዊንዶውስን አካባቢያዊ አጻጻፍ ስለሚከተሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ተራ የጥያቄ ምልክቶች ከተደረደሩ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ ተመልሶ አይመጣም። ይህ በብዛት የሚደርሰው ሠንጠረዡ «ላቲን 1» ተብሎ በተፈጠረ ዳታቤዝ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤል ሁሉንም ፊደል የሚይዘውን አጻጻፍ መደበኛው ያደረገው በ8.0 ቅጂ ነው። በአሮጌ ዳታቤዝ ላይ የመቶ ተማሪ ስም ከመመዝገቡ በፊት አንድ ስም አስገብቶ መልሶ ማንበብ ተገቢ ነው። በፕላንት ዩኤምኤል ሥዕል ላይም ሙከራው ይደገማል፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 እንዲነበብ ይታዘዛል፣ ሣጥን ከወጣ ደግሞ ፊደሉን የያዘ ፎንት (ለምሳሌ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ) በስሙ ይጠቀሳል።

ፊደሉ በትክክል ከገባም በኋላ የሚቀር ነገር አለ። የከተማዋ ስም «ሆሳዕና»፣ «ሆሣዕና»፣ «ሆሳእና» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የዩኒኮድ ማስተካከያ ሕግም አያዋሕዳቸውም፣ ምክንያቱም «ሳ» እና «ሣ»፣ «ዕ» እና «እ» በዩኒኮድ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አንድ ከተማ ሦስት ከተማ ሆኖ ሊቆጠር፣ ኃይሉ ተብሎ የተመዘገበ ታካሚም ሀይሉ ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ፕሮግራሙ ስሙን እንደተጻፈ ያስቀምጥና ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚመልስ ሌላ ዓምድ ይይዛል። የሰውን ስም ራሱን መቀየር ግን ተገቢ አይሆንም።

ሐዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን ሆሄያት ስለሚጻፉ የባይት ጣጣ የለባቸውም፤ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። የእነሱ ፈተና ሌላ ነው። በሁለቱም አጻጻፍ በጉሮሮ የሚቆረጠው ድምፅ በነጠላ ጭረት ምልክት ይወከላል፤ ይኸው ምልክት ደግሞ በኤስኪውኤል ውስጥ የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። የተጠቃሚውን ስም በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር የሚቀጥል ፕሮግራም ይህ ምልክት ያለበት ቃል ሲገባለት ስሙ መካከል ላይ ያበቃ ይመስለውና ስህተት ያወጣል። ይኸው ቀዳዳ ሆን ብሎ ለሚያጠቃ ሰውም በር ነው። በጃቫም፣ በፒኤችፒም፣ በፓይተንም መፍትሔው አንድ ነው፦ ትእዛዙ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ስሙ ለብቻው ይላካል። አንዳንድ ስልኮችና የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች ቀጥ ያለውን ጭረት በራሳቸው ወደ ጎበጠው ስለሚቀይሩት፣ በከምባቲሳ ወይም በሐዲይሳ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁለቱን ምልክቶች እንደ አንድ እንዲቆጥር ይደረጋል።